የተዋሃዱበት ሰፈር የተወለዱበት አይደለም፦ ስለ ጥቁር ጉድጓዶች «ቤት» ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «አጎቴ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» የምትል አንዲት መስመር አለች። ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ስጨርስ ቡናዬ ቀዝቅዟል።

ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ጥቁር ጉድጓዶችና ስለ ኒውትሮን ኮከቦች (ትልቅ ኮከብ ሲሞት የሚተወው እጅግ የታመቀ ቅሪት) ውህደት ነው፤ በተለይ ደግሞ እነዚህ ነገሮች የሚዋሃዱባቸው ጋላክሲዎች የትኞቹ ናቸው ስለሚለው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ደስ ይለኛል፣ ጸሐፊውም ብዙ እንደለፉ ያስታውቃል። ግን የሚሉትን ልብ በሉልኝ። ጥቁር ጉድጓዶች የሚዋሃዱት ሁለት ጋላክሲዎች ሲጋጩ መሃላቸው ላይ ነው ይላሉ። እስካሁን የተመዘገበው ውህደት ሁሉ በየትኛው ጋላክሲ እንደተፈጸመ ይታወቃል ይላሉ። የኒውትሮን ኮከቦች የሚዋሃዱት አርጅተው ጸጥ ባሉ ጋላክሲዎች ነው፣ ከትንንሾቹ ጋላክሲዎች ምንም አይጠበቅም ይላሉ። አንድ የጥቁር ጉድጓዶች ውህደት ብልጭታ ስላሳየ ቤቱ ተረጋግጧል፣ የጣታችን ወርቅ የመጣው ኤንጂሲ 4993 ከሚባለው ጋላክሲ ነው፣ ጽንፈ ዓለሙ በምን ፍጥነት ይሰፋል የሚለው ክርክርም በዚሁ ተዘግቷል ይላሉ።

አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው። ማስረዳቱ የሚረዝመውም ለዚህ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ስህተት ሁሉ ከሱ ይመዘዛል። ጸሐፊው ሁለት ዓይነት ጥቁር ጉድጓዶችን አንድ ላይ አደባልቀዋል። አንደኛው ዓይነት የጋላክሲ መሃል ላይ የሚቀመጠው ግዙፉ ነው። በእኛው ፍኖተ ሐሊብ መሃል ያለው ከፀሐይ ከ4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይከብዳል። ሁለተኛው ዓይነት አንድ ትልቅ ኮከብ ሲሞት የሚተወው ነው፤ ከፀሐይ ጥቂት ጊዜ እስከ ብዙ አስር ጊዜ ይከብዳል። የጋላክሲ ግጭት የሚያገናኘው የመጀመሪያዎቹን ነው፤ እነሱም ሲዞሩ የሚያወጡት የስበት ሞገድ (ጠፈርን ራሱን የሚያርገበግብ ማዕበል) እጅግ ዝግተኛ ስለሆነ አንዱ ማዕበል ለማለፍ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው) ፐልሳር የሚባሉትን ኮከቦች እንደ ሰዓት እየተጠቀሙ የሚሠሩ ቡድኖች ምልክቱን አየን ያሉት ይህንን ሞገድ ነው። አሜሪካ ያለው ሊጎ የተባለው የስበት ሞገድ መያዣ መሣሪያ ግን ይህንን ጭራሽ አይሰማም። ሊጎ የሚሰማው በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ነው፣ ማለትም የሁለተኛውን ዓይነት። ከሰማቸው ሁሉ በጣም ከባዱ፣ እ.ኤ.አ. በህዳር 2023 የተመዘገበው፣ ተዋህዶ ያስገኘው ጥቁር ጉድጓድ 225 ፀሐይ ገደማ ነው። ከ4 ሚሊዮን ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ ያለው «ሁለት ጋላክሲዎች ሲጋጩ ሊጎ ሰማቸው» የሚለው ሐሳብ ከነጭራሹ ይውጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሁሉም ቤት ይታወቃል የሚለው በሬ ወለደ ነው። እስከ 2025 በታተሙት ዝርዝሮች ከ200 በላይ ውህደቶች ተመዝግበዋል። ከነዚህ ውስጥ ጋላክሲው ያለ ጥርጥር የታወቀው ስንት ነው? አንድ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሊጎ ቴሌስኮፕ አይደለም፣ ፎቶ አያነሳም። ከማየት ይልቅ ለመስማት ይቀርባል። ገጠር ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ጅብ መሆኑን ታውቃለህ፤ ሩቅ ይሁን ቅርብ ከድምፁ ትገምታለህ፤ በዚያ በኩል ነው ብለህም አቅጣጫውን ትጠቁማለህ። የትኛው ቁጥቋጦ ሥር እንዳለ ግን መሐላ አትገባም። አቅጣጫውን እንኳ የምታውቀው ሁለት ጆሮ ስላለህ ነው። ሊጎም ሁለት ጆሮ አለው፤ አንዱ ዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ፣ ሌላው ሉዊዚያና ሊቪንግስተን፣ በመካከላቸው 3 ሺህ ኪሎ ሜትር። ሞገዱ አንዱ ጋ ደርሶ ሌላው ጋ እስኪደርስ ቢበዛ የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው የሚፈጅበት። ከዚህች ልዩነት ተነስቶ ነው ሰማዩ ላይ አንድ ቀለበት የመሰለ ቦታ የሚሰመረው። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ውህደት በጊዜው ከወጣው ካርታ ላይ 600 ካሬ ዲግሪ ያህል ይሸፍን ነበር። ሙሉ ጨረቃ የምትሸፍነው 0.2 ካሬ ዲግሪ ብቻ ነው። 3 ሺህ ጨረቃ ጎን ለጎን ደርድሩና በዚያ ውስጥ፣ 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀው ካሉት ጋላክሲዎች አንዱን ምረጡ። የማይቻል ነው። ዛሬም ድረስ የዚያ ውህደት ጋላክሲ አይታወቅም።

በዚያ ላይ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ በአብዛኛው ብርሃን አይወጣም። ድምፁን ተከትሎ የሚበራ ፋኖስ የለም። የኒውትሮን ኮከቦች ግን ቁስ ስለሆኑ ሲጋጩ ይረጫሉ፣ ይፋጃሉ፣ ያበራሉ። የታወቀው አንድ ቤት የተገኘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ታሪኩን ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላለፉት እኔ ትንሽ ልዘግይበት።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 ነው። በእኛ ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41። የሃንፎርዱ መሣሪያ አንድ ረዥም፣ ቀስ በቀስ እየቀጠነ የሚሄድ ምልክት ያዘ። ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፈርሚ የተባለው ሳተላይት ከሰማይ አጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታ መዘገበ። ሊቪንግስተንስ? ሊቪንግስተን መሣሪያው ውስጥ ልክ ከውህደቱ በፊት፣ አንድ ሰከንድ ገደማ ሲቀረው፣ ቷ የምትል የራሱ የመሣሪያው ጫጫታ ገብታ ኮምፒውተሩ ምልክቱን ሳይቀበለው ቀርቷል። ሰዎች ናቸው ሄደው መረጃውን ከፍተው ሲያዩ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ያገኙት፣ ጫጫታዋ መሃሉ ላይ እንደ ቡና ጠብታ ወድቃበታለች። እሷን አጽድተው ቀጠሉ።

ሦስተኛው ጆሮ ጣሊያን ፒሳ አጠገብ ያለው ቪርጎ ነው። ቪርጎ ምንም ማለት ይቻላል አልሰማም። እኔ ይሄ ክፍል በጣም ነው ደስ የሚለኝ። እየሠራ ያለ፣ ሊሰማ የሚገባው መሣሪያ ካልሰማ፣ ነገሩ ያለው መሣሪያው በማይሰማበት ማዕዘን ነው ማለት ነው። ዝምታው ራሱ አቅጣጫ ጠቆመ። ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ በወጣው ካርታ ሰፊው ሰማይ ተጨምቆ 30 ካሬ ዲግሪ አካባቢ ገባ። ርቀቱም ቅርብ ነው፣ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት። (ቅርብ ስል በነሱ ቋንቋ ነው።) በዚያ ቦታና በዚያ ርቀት ያሉት ጋላክሲዎች አንድ በአንድ ሊታዩ የሚችሉ ጥቂት አስሮች ናቸው።

ቺሊ ላይ ላስ ካምፓናስ የሚባል ተራራ አለ። እዚያ ስዎፕ የሚባል ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ አለ። ትልቅ አይደለም፤ የእኛው እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱም ባለ 1 ሜትር ናቸው። (ለምን እንጦጦ አላገኘውም የሚል ካለ፣ በነሐሴ የእንጦጦ ሰማይ ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው አልነግርም።) በስዎፕ የሚሠራው ቡድን የጋላክሲዎች ዝርዝር አውጥቶ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቆ፣ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ልክ ሱቅ ለሱቅ እንደመዞር ነው። 9ኛው ፎቶ ላይ፣ ከውህደቱ 11 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ኤንጂሲ 4993 አጠገብ ቀድሞ ያልነበረች ነጥብ ታየች። እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ33 ነው፣ አገር ተኝቷል። ነጥቧ በመጀመሪያ ሰማያዊ ነበረች፤ በቀናት ውስጥ ወደ ቀይ ዞራ ደበዘዘች። ኪሎኖቫ የሚሉት ይህንን ነው። ከ9 ቀን በኋላ ኤክስሬይ፣ ከ16 ቀን በኋላ የሬዲዮ ሞገድ ተከተለ። ወደ 70 የሚጠጉ ታዛቢ ጣቢያዎች ተረባረቡባት።

እንግዲህ አንድ አድራሻ ለማግኘት ይህ ሁሉ ዕድል መገጣጠም ነበረበት። በሚያዝያ 2019 ሌላ ጥንድ የኒውትሮን ኮከቦች ተሰምተው ነበር። ያኔ ሃንፎርድ አልነበረም፣ በደንብ የሰማው ሊቪንግስተን ብቻ፤ ካርታውም ከ8 ሺህ ካሬ ዲግሪ በላይ ሸፈነ። የሰማዩ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ሁሉም ፈለገ፣ ማንም አላገኘም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያስቡት ሌላ ወጥመድ ውስጥ ገብተዋል። አንዱ የታወቀ ቤት ኤንጂሲ 4993 ነው፤ ኤንጂሲ 4993 ያረጁ ኮከቦች የሞሉበት፣ አዲስ ኮከብ መውለድ ያቆመ ለማለት የሚያስደፍር ጋላክሲ ነው፤ ስለዚህ የኒውትሮን ኮከቦች የሚዋሃዱት ባረጁ ጋላክሲዎች ነው። ይሄ አንድ ቤት ገብቶ ሽሮ ስላገኘ ሀገሩ ሁሉ ሽሮ ነው የሚበላው እንደማለት ነው።

ሌላ ማስረጃ ባይኖር ኖሮ እንኳ አንድ ቁጥር አይበቃም ነበር። ግን ሌላ ማስረጃ አለ። አጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች፣ ከ2 ሰከንድ በታች የሚቆዩት፣ ብዙዎቹ የኒውትሮን ኮከቦች ውህደት እንደሆኑ ይታመናል። የ2017ቱ ያንን አጠናክሮታል። የነዚህ ፍንዳታዎች ቤት ለብዙ ዓመታት ሲጠና ቆይቷል፣ በብዙ አስሮች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች ተለይተዋል። አብዛኞቹ ዛሬም ኮከብ እየወለዱ ያሉ ጋላክሲዎች ናቸው። ያረጁትም አሉበት፣ ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ማለትም የታወቀችው ብቸኛዋ ቤት ከጥቂቶቹ ወገን ሆና ነው የተገኘችው። ጸሐፊው ከሷ ተነስተው ሕግ አወጡ።

ደግሞም የጋላክሲው የዛሬ መልክ የሚነግረን ስለ ውህደቱ ጊዜ እንጂ ስለ ልደቱ አይደለም። እኔ ይህንን ጽሑፍ ሁሉ የምጽፈው ለዚህች ነጥብ ነው። ሁለት ትልልቅ ኮከቦች አብረው ይወለዳሉ፣ በጥቂት ሚሊዮን ወይም በጥቂት አስር ሚሊዮን ዓመታት ይሞታሉ፣ ሬሳቸው ግን ገና ይዞራል። እየዞሩ በስበት ሞገድ ጉልበታቸውን እያፈሰሱ ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ። ይህ ምን ያህል እንደሚፈጅ ከእኛው ጋላክሲ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1974 በፖርቶሪኮው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የተገኙት ጥንድ የኒውትሮን ኮከቦች በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አንዴ ይዞራሉ፣ የሚዋሃዱት ግን ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ግኝቱ በ1993 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በ2003 የተገኘው ሌላ ጥንድ በ2.4 ሰዓት ስለሚዞር 85 ሚሊዮን ዓመት ይበቃዋል። ተራርቀው የተወለዱት ደግሞ ቢሊዮኖችን ይጠብቃሉ። በዚህ መሃል ጋላክሲው አይጠብቃቸውም። ኮከብ መውለዱን ያቆማል፣ ጎረቤቱን ይውጣል፣ መልኩ ይቀየራል። ኤንጂሲ 4993 ራሱ ዙሪያው ላይ እንደ ቅርፊት የተደራረበ የደበዘዘ ብርሃን አለው፤ ይህም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ትንሽ ጋላክሲ የዋጠበት አሻራ ነው። ሰፈሩን አይቶ ስለ ሟቹ የልጅነት አገር መመስከር አይቻልም። አዲስ አበባ ያረፈ ሰው ሁሉ አዲስ አበባ አልተወለደም።

መራቅም አለ። የኒውትሮን ኮከብ የሚወለደው በሱፐርኖቫ ፍንዳታ ነው፣ ፍንዳታው ደግሞ እኩል ስለማይበተን ኮከቡን ይገፋዋል። ጥንዱ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢገፋ፣ የጋላክሲውን ስበት ለጊዜው ብንተወው፣ በ300 ሚሊዮን ዓመት 100 ሺህ የብርሃን ዓመት ይሄዳል። ይህ ወረቀት ላይ ያለ ስሌት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 2023 የታየው እጅግ ደማቅ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ቤቱ ናት ከተባለችው ጋላክሲ 120 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ነው የተገኘው። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በፍንዳታው ቅሪት ውስጥ ቴሉሪየም የተባለውን ከባድ ንጥረ ነገር አሻራ አይቷል፤ የኒውትሮን ኮከቦች ውህደት ነው የሚያሰኘውም ይሄ ነው። ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ነው የፈነዳው።

ትንንሾቹ ጋላክሲዎች አይጠበቁም የሚለውስ? ብዙ ኮከብ ባለበት ብዙ ውህደት ይኖራል ብሎ ማሰብ ክፋት የለውም፣ ግን ለከባዶቹ ጥቁር ጉድጓዶች ሌላ ነገር ይገባል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም ውጭ ያለውን ሁሉ ብረት ይሉታል (ኦክስጅንንም ጭምር፣ የኬሚስትሪ መምህር አይስማብኝ)። ኮከብ ውስጥ ብረት ሲበዛ ነፋሱ ይበረታል፣ ኮከቡ ሳይሞት በፊት ብዙ ክብደት ያራግፋል፣ የሚተወውም ጥቁር ጉድጓድ ቀላል ይሆናል። ብረት ያነሰው ኮከብ ግን ክብደቱን ይዞ ይሞታል። በ2015 የተሰሙት ሁለቱ 36 እና 29 ፀሐይ ያህል ሲሆኑ ብዙ ሰው የገረመው በዚህ ነው፤ በጋላክሲያችን በኤክስሬይ የታወቁት ያን ያህል አይከብዱም ነበርና። ከዚያ በሚያዝያ 2024 ጋያ የተባለችው ሳተላይት 2 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ፣ ጓሯችን ማለት ነው፣ 33 ፀሐይ የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ አገኘች። አብሮት የሚዞረው ኮከብ ብረት ያጣ ጥንታዊ ኮከብ ነው። በብረት ድሃ የሆኑት ደግሞ በአብዛኛው እነዚያ ትንንሾቹና የጥንቶቹ ጋላክሲዎች ናቸው። በኋላ በትላልቆቹ ተውጠው ሊሆን ይችላል፣ ያው ወደ አድራሻው ጉዳይ ተመለስን።

ስለ ብልጭታው አጭር ላድርገው። በግንቦት 2019 85 እና 66 ፀሐይ የሚመዝኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋሃዱ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ካሊፎርኒያ ፓሎማር ላይ ያለ የሰማይ ቅኝት፣ መሃሉ ላይ ንቁ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ያለው አንድ ጋላክሲ ሲበራ ማየቱን አስታወቀ። ሐሳቡ ያምራል፤ ሁለቱ ትንንሾች በግዙፉ ዙሪያ ባለው የጋዝ ሳህን ውስጥ ቢዋሃዱ ጋዙ ሊበራ ይችላል። ግን እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎች በራሳቸውም ጊዜ ይበራሉ ይጠፋሉ፣ የውህደቱ ካርታም ሰፊ ስለነበር እንዲህ ያሉ ብዙ ጋላክሲዎች ውስጡ ይገኛሉ። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል ብለው የተከራከሩ አሉ፣ ክርክሩም አልተዘጋም። «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም።

ወርቁ? አይ ወርቁ። ኤንጂሲ 4993 ውስጥ የሆነው ነገር ብርሃኑ እንኳ እኛ ጋ የደረሰው በ2017 ነው። ምድር ከነወርቋ ከተሠራች 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። የጣታችን ቀለበት ከዚያ ሊመጣ አይችልም። በዚህ ዓይነት ውህደት ከባድ ንጥረ ነገሮች እንደሚሠሩ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ የዚያች ነጥብ ብርሃን ተመርምሮ ስትሮንሺየም እንዳለበት በ2019 ተለይቷል።

የጽንፈ ዓለሙን መስፋፋት በተመለከተ ሐሳቡ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ እንዲያውም የጽሑፉ ምርጥ ክፍል ነው። የስበት ሞገዱ ርቀቱን ይነግራል፣ ጋላክሲው ደግሞ በምን ፍጥነት እየራቀ እንደሆነ ይነግራል፣ ሁለቱን አካፍሎ ቁጥሩን ማውጣት ነው። ቤቱ መታወቁ ዋጋ የሚኖረውም ለዚህ ነው። የወጣው ቁጥር 70 ነው (አንድ ጋላክሲ በራቀ በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመቱ ፍጥነቱ በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው)፣ ግን ከ62 እስከ 82 ሊሆን ይችላል ተብሎ። ክርክሩ ያለው ደግሞ በ67 እና በ73 መካከል ነው። ሁለቱም ውስጡ ይገባሉ። ዳኛው ሁለቱንም ወገን ልክ ናችሁ ካለ ክርክሩ ተዘግቷል አይባልም። እንደ ኤንጂሲ 4993 ያሉ ብዙ ተጨማሪ ቤቶች ያስፈልጋሉ፤ ቺሊ ላይ በ2025 የመጀመሪያ ፎቶዎቹን ያሳየው የሩቢን ታዛቢ ጣቢያ ሰፊ ሰማይ ቶሎ ቶሎ ማንሳት ስለሚችል ተስፋ የሚጣልበት ነው።

ሌላው ቢቀር አንድ ነገር ዛሬውኑ ይስተካከል። ጽሑፉ አናት ላይ ትልቅ፣ የሚያምር፣ ክንዶቿ የተጠማዘዙ ጋላክሲ ተለጥፋለች፤ ከሥሯ ኤንጂሲ 4993 ተብሎ ተጽፏል። አንድሮሜዳ ናት። ኤንጂሲ 4993 ክንድ የሚባል ነገር የለውም፤ ክብ፣ ብዥ ያለ፣ መስታወት ላይ የተነፈሱበት እንፋሎት የሚመስል ነገር ነው። ለእህቴ ልጅ ትክክለኛውን ፎቶ ልኬላት «ይሄ ነው በቃ?» ብላ መለሰችልኝ።